ስለ መስክ መኪና ጎማ ልክና ስለ ዕለታዊ የነዳጅ ወጪ

(በተማሪዎች ማኅበር የንግግር ምሽት ላይ ከምሕንድስና ተማሪዎች በኩል የቀረበ)



በዚህ መድረክ ላይ ብዙ ጊዜ የሚሰማው ስለ ትልልቅ ነገር ነው፤ ስለ ትምህርት ዓላማ፥ ስለ ኤኮኖሚ ዕድገት፥ ስለ ወጣቱ ኀላፊነት። የእኛ ርእስ ግን ከመሬት የማይነሣ ነው፤ እርሱም ጎማ ነው። ከእናንተ አንዳንዱ «ጎማ የጎሚስታ ጉዳይ እንጂ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ጉዳይ ነውን?» ይል ይሆናል። ይሁን እንጂ እስከ መጨረሻው ከታገሣችሁን፥ የጎማ ነገር የአገርን ገንዘብና የሰውን ስም የሚነካ መሆኑን እናስረዳለን ብለን ተስፋ እናደርጋለን።

ነዳጃችን በሙሉ በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ የሚመጣ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታውቋል። ዳሩ ግን ቀደም ብለው የገቡት ላንድ ክሩዘሮችና ፒክአፖች ዛሬም በሥራ ላይ ናቸው። ለጤና፥ ለእርሻና ለመሬት ጥናት ሥራ ወደ ገጠር የሚወጣው ሰው የሚጓዘው በእነርሱ ነው። የእነዚህ መኪናዎች ጎማ ባለቀ ጊዜ ብዙ ሰው የሚያደርገው አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ፋብሪካው ከሰጠው ልክ ከፍ ያለ፥ ሰፋ ያለና ጥርሱ የጎላ ጎማ መግጠም ነው። መኪናው ግርማ ያገኛል፤ ከመሬትም ከፍ ይላል። ከአንድ ወር በኋላ ግን «ይህ መኪና ነዳጅ መጠጣት ጀመረ» የሚል ሮሮ ይሰማል። እንግዲህ የምሽቱ ጥያቄያችን ይህ ነው። መኪናው በእውነት ጠጣን? ከጠጣስ ምን ያህል? ያጠጣውስ የጎማው ቁመት ነው ወይስ ሌላ ነገር?

በመጀመሪያ በጎማው ጎን ላይ የተጻፈውን ቍጥር እናንብብ። 265/70 አር 16 የሚል ጎማ እንውሰድ። 265 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። 70 ማለት የጎኑ ቁመት ከስፋቱ ከመቶ 70 እጅ ነው ማለት ነው። «አር» የምትለው ፊደል በውስጡ ያሉት ክሮች ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ቀጥ ብለው የተዘረጉ፥ ማለት ራዲያል መሆኑን ታመለክታለች። 16 ደግሞ የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች ነው። ይህን ሁሉ ብንደምረው ጎማው ከጫፍ እስከ ጫፍ 77.7 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ በ3.14 ስናባዛውም ዙሪያው 2 ሜትር ከ44 ሴንቲ ሜትር ነው። በእርሱ ፈንታ ብዙ ሰው የሚመኘውን 285/75 አር 16 ብንገጥም ከጫፍ እስከ ጫፍ 83.4፥ ዙሪያው 2 ሜትር ከ62 ይሆናል። ጎማው ወደ 6 ሴንቲ ሜትር አደገ ማለት ነው፤ መኪናው ከመሬት የሚነሣው ግን የዚህን ግማሽ፥ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ መሆኑን ልብ በሉ። ዙሪያው ያደገው ከመቶ 7 እጅ ነው። ይህችን ከመቶ 7 እጅ አጥብቀን እንያዛት፤ የነገሩ ሁሉ መነሻ እርሷ ናትና።

የኪሎ ሜትር ቆጣሪ መንገዱን አያይም፤ የሚቆጥረው መዞርን ብቻ ነው። በቀድሞዎቹ መኪናዎች በሚሽከረከር ሽቦ፥ በዛሬዎቹ በኤሌክትሪክ ምልክት ይቁጠር እንጂ፥ አንድ ዙር ስንት ሜትር እንደ ሆነ የተነገረው በፋብሪካ ነው። እኛ ጎማውን ስናሳድግ ለቆጣሪው የነገረው ሰው የለም። ስለዚህ ቆጣሪው 100 ኪሎ ሜትር ብሎ ሲጽፍ መኪናው በእውነት የተጓዘው 107 ኪሎ ሜትር ነው። ሰባቱ ኪሎ ሜትር ነዳጅ ፈጅቷል፤ በመዝገብ ግን የለም።

ይህ ነገር በወረቀት ላይ ሲታይ ቀላል ነው፤ በሰው ላይ ሲደርስ ግን ይከብዳል። ባለፈው ክረምት ለተግባር ልምምድ በተመደብንበት አንድ መሥሪያ ቤት፥ ከሃያ ዓመት በላይ ያገለገሉ አንድ ሾፌር ደመወዛቸው ሊቆረጥ ተቃርቦ አገኘናቸው። መኪናቸው በሊትር ናፍጣ 8 ኪሎ ሜትር እንዲሄድ ልክ ወጥቶለት ነበር፤ በ60 ሊትርም 480 ኪሎ ሜትር ይሄድ ነበር። ኋላ ግን ለዚያው 60 ሊትር በመዝገቡ ላይ የሚታየው 420 ብቻ ሆነ፤ ይህም በሊትር 7 ማለት ነው። የሒሳብ ክፍሉ የጎደለውን 60 ኪሎ ሜትር በ8 አካፍሎ «7 ሊትር ተኩል ናፍጣ የት ገባ?» ሲል ጠየቀ። ሾፌሩም ጉድለቱን በዓይናቸው ያዩታልና የሚመልሱት አልነበራቸውም። እርሳቸው የሚሉት አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ «ልጆቼ፥ እኔ አልወሰድኩም።»

እኛም መዝገቡን ወደ ኋላ ገልጠን ስናይ ጉድለቱ የተጀመረው አዲሱ ጎማ ከተገጠመበት ወር ወዲህ ሆኖ አገኘነው። አሮጌው ጎማ 265/70፥ አዲሱ 285/75 ነበር። የሒሳብ ሹሙን ይዘን በመሥሪያ ቤቱ ግቢ ውስጥ በጎማው ላይ በጠመኔ ምልክት አደረግን፤ መኪናውንም ቀስ ብሎ አሥር ዙር እንዲሄድ አድርገን መሬቱን በሜትር ለካን፤ 25 ሜትር ከ40 ሆነ። ጭነት ጎማውን ስለሚጫነው ቍጥሩ ከወረቀቱ ስሌት ጥቂት ያንሳል። አሮጌው ጎማ ባልተለወጠበት፥ ዓይነቱም አንድ በሆነው በሁለተኛው መኪና ላይ ስንለካ አሥሩ ዙር 23 ሜትር ከ70 ነበር። ልዩነቱ ከመቶ 7 እጅ ነው። እንግዲህ 420 የተባለው መንገድ በእውነት 450 ኪሎ ሜትር ነበር፤ 450 ለ60 ሲካፈልም በሊትር 7 ኪሎ ሜትር ተኩል ይሆናል። ከጠፋው ውስጥ ግማሹ በአንድ ማባዛት ተገኘ። ሌላው ግማሽ ግን አሁንም ጎድሎ ነበር፤ ለእርሱ ወደ ላስቲኩ ጠባይ መግባት አስፈለገን።

ጎማ ሲንከባለል መሬት የነካው ክፍል ይጨፈለቃል፤ ሲነሣም ወደ ቀድሞ ቅርጹ ይመለሳል። ላስቲክ ግን የተሰጠውን ኀይል በሙሉ የማይመልስ ክፉ ተበዳሪ ነው፤ ያስቀረውን ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። ከረዥም ጉዞ በኋላ ጎማውን በእጁ የዳሰሰ ሰው ይህንን ሙቀት ያውቀዋል፤ ያ ሙቀት ከታንከሩ የወጣ ነዳጅ ነው። ይህን የመንከባለል ተቃውሞ መሐንዲሶች ከመኪናው ክብደት ጋር አነጻጽረው ይለኩታል። ለአስፋልት የተሠራ ደኅና ጎማ በያንዳንዱ ሺህ ኪሎ ክብደት ላይ የ10 ኪሎ ያህል ተቃውሞ ያመጣል፤ ጥርሱ የጎላና ገላው የወፈረ የመስክ ጎማ 14 ወይም ከዚያ በላይ ሊደርስ ይችላል፤ ወፍራም ጥርስ ብዙ ይታጠፋልና።

ሒሳቡን እንከተለው። ከነጭነቱ 2,500 ኪሎ የሚመዝን መኪና ከ10 ወደ 14 ቢዛወር ተጨማሪው ተቃውሞ 98 ኒውተን ይሆናል። ይህ በ100 ኪሎ ሜትር መንገድ ላይ 9.8 ሚሊዮን ጁል ነው። አንድ ሊትር ናፍጣ 36 ሚሊዮን ጁል ያህል ኀይል አለው፤ ከዚያ ውስጥ ወደ ጎማ የሚደርሰው ከመቶ 30 እጅ ያህል ቢሆን 10.8 ሚሊዮን ነው። ስለዚህ በየ100 ኪሎ ሜትሩ 0.9 ሊትር ተጨማሪ ናፍጣ ይፈለጋል። በሾፌሩ መዝገብ ላይ በሊትር 8 ከመሄድ ወደ 7 ተኩል መውረድ ማለት በ100 ኪሎ ሜትር ከ12.5 ሊትር ወደ 13.3 ሊትር መውጣት ነው፤ ልዩነቱ 0.8 ሊትር። እንግዲህ ግማሹን ቆጣሪው፥ ግማሹን ላስቲኩ ከወሰደው በኋላ ለሌባ የቀረ ሊትር አልነበረም። መሥሪያ ቤቱም ይህን ተመልክቶ ቅጣቱን ትቶታል፤ ለመኪናውም አዲስ ልክ ወጥቶለታል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት ይገባናል። ያጠፋው የጎማው ቁመት ነው ብንል እንሳሳታለን። ላስቲኩና ጥርሱ አንድ ዓይነት ከሆነ፥ ከፍ ያለ ጎማ ሲጨፈለቅ የሚታጠፈው በዝግታ ስለ ሆነ የመንከባለል ተቃውሞው ጥቂት ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። ነዳጁን የሚበላው ከቁመቱ ጋር አብሮ የሚመጣው የጥርስ ውፍረትና የገላ ክብደት ነው። የፋብሪካዎችም ትግል ሲካሄድ የኖረው በዚሁ በላስቲኩ ጠባይ ላይ ነው። እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1946 የፈረንሳዩ ሚሽለን ኩባንያ የራዲያል ጎማን መብት አስመዘገበ፤ በ1992 ደግሞ ሲሊካ የተባለውን ማዕድን ከላስቲክ ጋር ቀላቅሎ ነዳጅ ቈጣቢ ጎማ አወጣ። ከ2012 ጀምሮም በኤውሮፓ ኅብረት አገሮች የሚሸጥ ጎማ የነዳጅ ቍጠባ ደረጃው በላዩ ተለጥፎ ይሸጣል። ስለዚህ ሁለት ጎማዎች በልክ እኩል ሆነው በነዳጅ ሊለያዩ ይችላሉ።

ስለ ክብደትም ጥቂት እንበል፤ ብዙ ጊዜ ከሚገባው በላይ ሲወቀስ እንሰማለንና። ትልቁ ጎማ ከትንሹ በ5 ኪሎ ቢበልጥ በአራቱ ጎማ 20 ኪሎ ነው። ይህ ክብደት ወደ ፊት መሄድ ብቻ ሳይሆን መሽከርከርም ስላለበት፥ መኪናው ፍጥነት በሚጨምርበት ጊዜ በሰውነቱ ላይ እስከ 40 ኪሎ ድረስ እንደ ተጫነበት ይቈጠራል። በከተማ ውስጥ በየመብራቱ የሚቆምና የሚነሣ መኪና ይህ ይሰማዋል። ቢሆንም 40 ኪሎ በ2,500 ኪሎ ላይ ከመቶ 2 እጅ እንኳ አይሞላም፤ በረዥም ጉዞ ላይ ደግሞ ከቁጥር የሚገባ አይደለም። የነፋስም ነገር እንዲሁ ነው። ጎማው ስለ ሰፋ ብቻ የሚጨምረው የነፋስ ተቃውሞ ጥቂት ነው፤ ከጎማው ጋር መኪናው በሱስታ ከፍ ከተደረገና በጣሪያው ላይ ዕቃ ከተጫነ ግን ነገሩ ይለወጣል።

አሁን ደግሞ የጎማው ቁመት በራሱ ወደሚሠራው ሥራ፥ ወደ ማርሽ እንሂድ። አንዳንድ ሰዎች «ጎማው ካደገ ሞተሩ ለአንድ መንገድ ጥቂት ጊዜ ብቻ ይዞራል፤ ስለዚህ ነዳጅ ይቈጠባል» ይላሉ። መነሻው እውነት ነው፤ የዲፈረንሻሉ ጥርስ 4.10 የሆነ መኪና ጎማው ከመቶ 7 እጅ ሲያድግ 3.82 እንዳለው መኪና ይሆናል። በሜዳ ላይ፥ በአንድ ፍጥነት፥ ያለ ብዙ ጭነት ከተሄደ ጥቂት ይጠቅም ይሆናል። አገራችን ግን ሜዳ ብቻ አይደለችም። ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ ወርዶ ወደ ደጀን የወጣ ሰው ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁለትና ዳገት በአንድ ቀን ያያል። በዚህ ላይ በአዲስ አበባ ከፍታ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል፤ ቱርቦ የሌለው ሞተርም በዚያው ልክ ይደክማል። ጎማው ሲያድግ የሚገፋበት ክንድ ስለሚረዝም፥ ዱሮ በሦስተኛ ማርሽ ይወጣ የነበረው ዳገት ሁለተኛ ይጠይቃል፤ ሾፌሩም ነዳጅ መስጫውን አጥብቆ ይረግጣል። በሜዳ የተገኘችው ጥቅም በዳገት ተመልሳ ትሄዳለች። ስለዚህ ጎማቸውን ብዙ ያሳደጉ ሰዎች የዲፈረንሻሉንም ጥርስ እስከ መለወጥ ይደርሳሉ፤ ይህም ሌላ ወጪ ነው።

የፍጥነት መለኪያውም እንደ ቆጣሪው ይሳሳታል። ፋብሪካዎች ከእውነተኛው ፍጥነት ጥቂት ከፍ አድርጎ እንዲያሳይ ይሠሩታል፤ ትልቅ ጎማ ይህን የጥንቃቄ ትርፍ ይበላዋል። መለኪያው ትክክለኛ ቢሆን እንኳ፥ 80 ብሎ ሲያሳይ መኪናው በ86 እየሄደ ነው። የነፋስ ተቃውሞ ፍጥነቱ በራሱ ተባዝቶ እንደሚያድግ የፊዚክስ መምህሮቻችን አስተምረውናል፤ ስለዚህ ከመቶ 7 እጅ ፍጥነት ከመቶ 15 እጅ የነፋስ ተቃውሞ ነው። ሾፌሩ ሳያውቀው ይፈጥናል፤ ሳያውቀውም ነዳጅ ያቃጥላል። ከነዳጁም በላይ የሰው ሕይወት አለበት።

ከዚህ ሁሉ ጋር በነጻ የሚገኘውን መድኀኒት አንርሳ፤ እርሱም ንፋስ ነው። የጎሚስታው ቤት በየመንገዱ አለ፤ ንፋስ የሚለካ ግን ጥቂት ነው። የአሜሪካ የኢነርጂ ሚኒስቴር እንደሚለው፥ የአራቱም ጎማ ንፋስ በአማካይ በኢንች ካሬ በአንድ ፓውንድ በቀነሰ ቍጥር የነዳጅ ቍጠባው ከመቶ 0.2 እጅ ያህል ይወርዳል። አሥር ፓውንድ ቢጎድል ከመቶ 2 እጅ ነው። ለጭቃ ወይም ለአሸዋ ሲባል ንፋስ ያስተነፈሰ ሾፌር አስፋልት ሲደርስ መልሶ ሊሞላ ይገባዋል፤ ያለዚያ ነዳጁን ብቻ ሳይሆን ጎማውንም ያቃጥላል።

ታዲያ ትልቅና ጥርሰ ጎላ ጎማ ከንቱ ነው ማለታችን ነውን? አይደለም። ልል በሆነ መሬት ላይ ከፍ ያለ ጎማ ረዘም አድርጎ መሬቱን ስለሚረግጥ አይሰምጥም፤ ድንጋይንም በቀላሉ ይወጣል። በአሸዋ ውስጥ ወይም በክረምት ጭቃ የተያዘ መኪና በቆመበት እየተሽከረከረ የሚፈጀው ናፍጣ ብዙ ነው፤ በሽተኛ ለማምጣት የወጣ መኪና ደግሞ በመንገድ ከሚቀር ሁለት ሊትር ቢጨምር ይሻላል። ስለዚህ የሥራው ቦታ ዘወትር መንገድ የሌለበት ከሆነ ጎማው ዋጋውን ይከፍላል። እኛ የምንቃወመው በዓመት አሥር ቀን ለሚገጥም ጭቃ ሲባል በቀሪው ወራት ሁሉ በአስፋልትና በጠጠር መንገድ ላይ የጭቃ ጎማ ይዞ መዞርን ነው። ይህ አባቶቻችን «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ያሉት ነው። እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1948 የወጣው የመጀመሪያው ላንድ ሮቨር ስፋቱ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ በሆነ ጎማ በየዱሩ መሄዱንም እናስታውስ።

ብድሩም ጥቂት አይደለም። በዓመት 20,000 ኪሎ ሜትር የሚሄድ አንድ መኪና በየ100 ኪሎ ሜትሩ 0.9 ሊትር ቢጨምር 180 ሊትር ነው። አንድ መቶ መኪና ያለው መሥሪያ ቤት 18,000 ሊትር ያቃጥላል ማለት ነው። ነገ መኪናው በኤሌክትሪክ ቢሆንም ሕጉ አይለወጥም፤ ላስቲኩ ያው ላስቲክ ነውና ባትሪው ቶሎ ያልቃል።

እንግዲህ ንግግራችንን በአራት ነገር እናጠቃልላለን።

አንደኛ፥ ጎማው የተለወጠ መኪና የነዳጅ ልኩ እንደ ገና ይውጣ። አሥር ዙር በጠመኔና በሜትር መለካት የሩብ ሰዓት ሥራ ነው፤ የአዲሱን ርዝመት ለአሮጌው አካፍሎ ያገኙትን በመዝገቡ ኪሎ ሜትር ማባዛት ነው።

ሁለተኛ፥ ነዳጅ ሲለካ ታንከሩ እስከ አፉ ተሞልቶ፥ በአንድ መንገድ፥ በተመሳሳይ ጭነት፥ ከአንድ ጊዜ በላይ ይለካ። የአንድ ቀን ቍጥር ምስክር አይሆንም።

ሦስተኛ፥ ጎማ ሲገዛ ከፍታው ብቻ አይታይ፤ መኪናው ብዙውን ቀን የሚውልበት መንገድ ይታሰብ። ንፋሱም ቢያንስ በየወሩ፥ ጎማው በቀዘቀዘበት ሰዓት ይለካ።

አራተኛውና ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። በመዝገብ ላይ ጉድለት በታየ ጊዜ፥ ሰውን ከመጠርጠራችን በፊት መለኪያውን እንጠርጥር። ከእኛ መካከል ነገ መሐንዲስ፥ ሒሳብ ሹም፥ የመምሪያ ኀላፊ የሚሆን አለ። በፊቱ የሚቀርበው ወረቀት «7» የሚል ቍጥር ብቻ ይይዛል፤ ከቍጥሩ በስተጀርባ ግን ሃያ ዓመት መሪ ጨብጦ ልጆቹን ያሳደገ ሰው አለ። ያን ሰው ከሐሰት ክስ ያዳነው ርኅራኄ አልነበረም፤ ሁላችንም በአራተኛ ክፍል የተማርነው ማባዛት ነበር። ትምህርታችን ለአገር ይጠቅማል ስንል እንዲህ ላለው ነገርም መሆኑን እናስብ።